«ቻይና» ሲባል ማን ማለት ነው?

አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር አካባቢ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ቆሟል። በ1951 የዘመተው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃና ተከታዮቹ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ወደዚያ ልሳነ ምድር ወስደዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተሰለፉት ለደቡብ ኮሪያ ነበር፤ በተራሮቹ ላይ ከገጠሟቸው ጦሮች አንዱ ደግሞ የቻይና ጦር ነው። ዛሬ ያን መታሰቢያ ለመጎብኘት የመጣ የሴኡል ሰው ከግቢው ወጥቶ ጥቂት እንደተራመደ ከኋላው የሚከተለው ጥሪ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ቻይና! ቻይና!»

ልጆቹ ክፋት የላቸውም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ሰላምታ መስጠታቸው ነው። የሚጠሩበት ቃል ግን ከትልልቆቹ የወረሱት ነው፤ የትልልቆቹ አነጋገርም ጠጋ ብለው ሲያዳምጡት ያስገርማል። በአማርኛ የንግግር ልማድ «ቻይና» አገር ነው፣ መንግሥት ነው፣ ተቋራጭ ነው፣ ባንክ ነው፣ ሰውም ነው። «ቻይና አበደረችን» ይባላል። «መንገዱን የሠራው ቻይና ነው» ይባላል። «አንድ ቻይና ሱቅ ገባ» ይባላል። «አንድ ኢትዮጵያ ሱቅ ገባ» የሚል ሰው የለም፤ «አንድ አሜሪካ ታክሲ ያዘ» የሚልም የለም። «ቻይናዊ» የሚለው ቃል በመዝገበ ቃላትና በጋዜጣ ቢኖርም በመንገድ ላይ እምብዛም አያስፈልግም። ተናጋሪው ስለ መንግሥቱ ይሁን ስለ ሠራተኛው የሚያወራው የሚለየው አንዳንዴ በግሡ ጾታ ብቻ ነው፦ አበዳሪዋ ሴት ናት፣ መንገድ ሠሪው ወንድ ነው። ከዚያ ውጭ ስሙ አንድ ነው።

ይህ የቋንቋ ጠባይ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ይኸው ልማድ በዋሽንግተንና በቤጂንግ መካከል ስላለው ፉክክር በሚደረግ ውይይት ውስጥ ሳይመረመር ሲገባ ነው። በዚህ ውይይት ቃላትን መምረጥ ብዙ ጊዜ እንደ ይሉኝታ፣ ወይም ሌላውን ላለማስቀየም እንደሚደረግ ጨዋነት ይቆጠራል። ይህ አመለካከት ነገሩን ያሳንሰዋል። ጅምላ ፍረጃ ከሥነ ምግባር ጉድለትነቱ በፊት የመለኪያ ስሕተት ነው። ማን አበደረ? ማን ፈረመ? ማን ሰለለ? ማንስ ተጠቀመ? ለአራቱም ጥያቄ «ቻይና» ወይም «ምዕራባውያን» ተብሎ ከተመለሰ መልሱ ገና አልተሰጠም።

ኢትዮጵያ ራሷ የዚህ ዓይነቱ አነጋገር ሰለባ የሆነችበት ዘመን ነበር። የ1930ዎቹ የኢትዮጵያና የጃፓን ግንኙነት ዛሬ የሚታወሰው እንደ ታሪክ ጉጉት እንጂ እንደ ትምህርት አይደለም፤ ያሳዝናል። ጃፓን በ1905 ሩሲያን ስታሸንፍ የዓድዋን ድል ገና ያልረሱ የተማሩ ኢትዮጵያውያን በሩቅ ምሥራቅ አርአያ ያገኙ መስሏቸው ነበር። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት የ1931 ሕገ መንግሥት ከ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት ብዙ ተውሷል። በዚያው ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ተጉዘው ተመለሱና «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን ጻፉ። በገበያው ደግሞ ርካሹ የጃፓን የጥጥ ጨርቅ የሌሎችን አገሮች ሸቀጥ እያስለቀቀ ነበር። ነገሩ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ አንድ የወዳጅነትና የንግድ ውል፣ ብዙ ጣቃ ጨርቅ፣ እና ከሩቅ የመጣ የልማት ተስፋ።

በአውሮፓ ጋዜጦች ላይ የተጻፈው ግን ሌላ ነበር። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም በ1890ዎቹ ካስፋፉት ጊዜ ጀምሮ «ቢጫው አደጋ» የሚለው ሐረግ በአውሮፓ ቤተኛ ሆኖ ቆይቷል። አሁን «ቢጫው» ከ«ጥቁሩ» ጋር ሊያብር ነው ተባለ። በኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ለጃፓን ሊሰጥ ነው፣ ሰፋሪዎችም ሊመጡ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ልጅ አርአያ አበበ የተባሉት ኢትዮጵያዊ መኰንን ከጃፓን መኳንንት ወገን የሆነችውን ማሳኮ ኩሮዳን ሊያገቡ ነው ሲባል ደግሞ የጣልያን ፕሮፓጋንዳ የሚፈልገውን ሥዕል አገኘ። ጋብቻው በ1934 ቀረ። ወሬው ግን አልቀረም፤ ሙሶሊኒ ለወረራው ሲያመቻች የነጩን ዘር ጥቅም የማስከበር ካባ ለመደረብ አገልግሎታል። በጥጥ ዋጋ የተጀመረ የንግድ ፉክክር በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዘር ጦርነት መቅድም ሆኖ ተተረከ።

በሌላው ወገን ያለው ስሕተትም መነገር አለበት፤ ለአገር ልጅ ሲባል የሚታለፍ አይደለም። በኢትዮጵያ የጃፓንን ወንድማማችነት ተስፋ ያደረጉ ሰዎች ነበሩ፤ በጃፓንም ለኢትዮጵያ ከልባቸው የጮኹ ማኅበራትና ግለሰቦች ነበሩ። የቶኪዮ መንግሥት ግን የሚያሰላው በቆዳ ቀለም ሳይሆን በማንቹሪያ ነበር። በ1936 ማብቂያ ጃፓን በአዲስ አበባ የነበራትን ሌጋሲዮን ወደ ቆንስላ ዝቅ በማድረግ የጣልያንን ወረራ በተግባር ተቀበለች፤ ጣልያንም በምላሹ ጃፓን በማንቹሪያ ላቆመችው አሻንጉሊት መንግሥት የዕውቅና በር ከፈተች። በቀጣዩ ዓመት ሮም፣ በርሊንና ቶኪዮ በአንድ ውል ታሠሩ። «ቢጫውና ጥቁሩ ያብራሉ» ብሎ የፈራውም፣ «ያብራሉ» ብሎ ተስፋ ያደረገውም አንድ ዓይነት መነጽር ስላጠለቁ አንድ ዓይነት ስሕተት ሠሩ። የከፈለችው ግን ኢትዮጵያ ናት።

ይህ ሁሉ ከሰማንያ ዓመት በኋላ እንኳ ሊረሳ እንደሚችል ያሳየ አንድ አጋጣሚ አለ። በሚያዝያ 2019 በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የፖሊሲ ዕቅድ ዳይሬክተር የነበሩት ኪሮን ስኪነር በአንድ ሕዝባዊ መድረክ ላይ አሜሪካ ነጭ ያልሆነ ኃያል ተፎካካሪ ሲገጥማት ቻይና የመጀመሪያዋ እንደምትሆን ተናገሩ። ተናጋሪዋ ራሳቸው አፍሪካ አሜሪካዊት ምሁር ናቸውና ንግግሩን በተራ የዘር ጥላቻ መፈረጅ ሌላ ጅምላ ፍረጃ ይሆናል። ስሕተቱ ግን ግልጽ ነው። ፐርል ሃርበርን የደበደበችው ጃፓን ከስሌቱ ወጥታለች። ዘርን የትንተና መሣሪያ ያደረገ ሰው ታሪኩን ራሱን መቁጠር ያቅተዋል።

ይህ አነጋገር ከመድረክ ወርዶ ሰው ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል ዲትሮይት ታውቃለች። በ1982 የአሜሪካ የመኪና ፋብሪካዎች ሠራተኛ እየቀነሱ፣ የጃፓን መኪኖች ገበያውን እየያዙ ነበር። ፖለቲከኛውም የሠራተኛ ማኅበሩም «ጃፓን ሥራችንን ወሰደች» ይሉ ነበር። በሰኔ ወር ቪንሰንት ቺን የተባለ የ27 ዓመት ወጣት የሠርጉ ቀን ሲቃረብ ከጓደኞቹ ጋር ወጥቶ ሳለ ከመኪና ኢንዱስትሪ ጋር ትስስር ያላቸው ሁለት ነጭ ሰዎች በቤዝቦል ዱላ ቀጥቅጠው ገደሉት። ቺን ጃፓናዊ አልነበረም። ትውልዱ ከቻይና፣ ዜግነቱ አሜሪካዊ፣ ሥራው ንድፍ አንሺነት ነበር። ገዳዮቹ የተፈረደባቸው የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣትና የ3,000 ዶላር መቀጮ ነው፤ በዚያ ግድያ እስር ቤት አልገቡም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ዳውላው የዚያች አህያ እንኳ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ፣ በተለይም በደኅንነት ጉዳይ የሚሠራ፣ «ስለላው እውነት ከሆነስ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። እውነት ነው። የቻይና የመንግሥት ደኅንነት ሚኒስቴር መኰንን የነበረው ሹ ያንጁን የአሜሪካን የአውሮፕላን ሞተር ቴክኖሎጂ ለመስረቅ በማሴር ሲንሲናቲ ላይ በ2021 ጥፋተኛ ተብሎ በቀጣዩ ዓመት 20 ዓመት ተፈርዶበታል። በክሱ ውስጥ ተቋሙ፣ መኰንኑ፣ የታለመው ኩባንያና ድርጊቱ በስም ተለይተው ተቀምጠዋል። ከዚህ ጋር የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ በኅዳር 2018 «የቻይና ኢኒሺዬቲቭ» ብሎ በሰየመው መርሐ ግብር ሥር የተከሰሱ አንዳንድ ምሁራንን ጉዳይ ማወዳደር ይቻላል። የኤም.አይ.ቲ.ው ፕሮፌሰር ጋንግ ቼን በጥር 2021 ተያዙ፤ ክሱ ከአንድ ዓመት በኋላ ተነሣ። በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት አንሚንግ ሁ ሥራቸውን ካጡ በኋላ በመስከረም 2021 በነፃ ተለቀቁ። እነዚህ ክሶች በአብዛኛው ስለ ስለላ አልነበሩም፤ በገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ቅጾች ላይ ስለተጻፈና ስላልተጻፈ ነገር ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ በየካቲት 2022 መርሐ ግብሩን ሲያቆም በዘር ጥላቻ የተወሰነ ውሳኔ አላገኘሁም አለ፤ ሆኖም ጉዳዮቹን በአንድ አገር ስም ሥር መሰብሰቡ የአድልዎ ስሜት መፍጠሩን አመነ። ይህ ጥሩ ንባብ ይፈልጋል። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ችግር አለበት ያለው ስሙን ነው። አገርን የመዝገብ ርእስ ያደረገ መርማሪ ፋይሉን የሚሞላው በሰዎች ትውልድ ነውና።

የዚህ ዋጋም በፍትሕ ብቻ አይለካም። የሮኬት ሊቁ ቺየን ሹሴን በካሊፎርኒያ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪን ካቋቋሙት አንዱ ነበር። በ1945 የኮሎኔል ማዕረግ ተሰጥቶት የናዚ ጀርመንን የሮኬት ሊቃውንት የጠየቀው እሱ ነው። በ1950 በኮሚኒስትነት ተጠርጥሮ የምስጢር ፈቃዱን ተነጠቀ፤ ለአምስት ዓመት ከአገር እንዳይወጣም ታግዶ ቆይቶ በ1955 ወደ ቻይና ሄደ። በዚያም የቻይና የሚሳይልና የጠፈር መርሐ ግብር አባት ሆነ። እሱ ሲባረር የሂትለርን ቪ-2 ሮኬት የሠራው ቬርነር ፎን ብራውን በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሥራውን ቀጥሎ ነበር። ለዚህ ማብራሪያ መጨመር አያስፈልግም።

ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የሚቀርበው ርእስ ግን ዕዳ ነው። «የዕዳ ወጥመድ» የሚለውን አገላለጽ ሕንዳዊው ምሁር ብራህማ ቸላኒ በ2017 ካስተዋወቁት በኋላ ሐረጉ ከማስረጃው ቀድሞ ዓለምን ዞሯል። ዋናው ምሳሌ የስሪላንካው የሃምባንቶታ ወደብ ነው፦ «ዕዳውን መክፈል ቢያቅታት ቻይና ወደቡን ወሰደችባት» ይባላል። በ2017 የሆነው ሲታይ ግን ስሪላንካ ወደቡን ለቻይና መርቻንትስ ፖርት ኩባንያ በ1.12 ቢሊዮን ዶላር ለ99 ዓመት አከራየች፤ ብድሩ አልተሰረዘም፤ ገንዘቡ የውጭ ምንዛሪ ክምችትን ለመደገፍ ዋለ። አገሪቱን ያስጨነቀው የዕዳ ክፍያ ትልቁ ድርሻ በዓለም ገበያ የተሸጠ ቦንድ ነበር። ይህ ማለት ኪራዩ ብልህ ውሳኔ ነበር ማለት አይደለም፤ ወደቡ መሠራቱ ራሱ አጠያያቂ ነው። ውሳኔው ግን የኮሎምቦ ፖለቲከኞች ውሳኔ ነበር፤ «ወጥመድ» የሚለው ቃል እነሱን ከታሪኩ ያስወጣቸዋል።

በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል ያለው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመርም እንዲሁ ይተረካል። «ቻይና ባቡር ሠርታ በዕዳ ያዘችን።» ይህች ዓረፍተ ነገር በአምስት ቃል ቢያንስ ሦስት ተቋማትን ትውጣለች። የኢትዮጵያን ክፍል ብድር በዋነኝነት የሰጠው የቻይና ኤግዚም ባንክ ነው። የገነቡት ሁለት የቻይና የመንግሥት ኩባንያዎች ናቸው። ተበዳሪው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው፤ ብድሩን የጠየቀ፣ የመክፈያ ጊዜውን ያጸደቀ፣ በብር ገቢ የሚሰበስብ ፕሮጀክት በዶላር ብድር እንዲሠራ የወሰነ። ጭነቱ ከታቀደው በታች ሆኖ የውጭ ምንዛሪውም ሲጠፋ በ2018 የመክፈያው ዘመን ከ10 ወደ 30 ዓመት ተራዘመ። ባዕድን በጅምላ መክሰስ ከሚያስገኛቸው ምቾቶች አንዱ እዚህ ላይ ይታያል፤ የፈረመው የአገር ሰው ሳይጠየቅ ያልፋል።

ከአበዳሪዎቹም ወገን መጠየቅ ያለበት አለ፤ በትክክል ሲጠየቅ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ቻይናውያን አበዳሪዎች ከ24 አገሮች ጋር የተዋዋሏቸውን 100 ውሎች መርምሮ ብዙዎቹ ተበዳሪው የውሉን ይዘት እንዳይገልጽ የሚከለክል አንቀጽ እንዳላቸው፣ አንዳንዶቹ ገቢ በልዩ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ እንደሚያስገድዱ፣ አንዳንዶቹም ዕዳውን ከጋራ የዕዳ ሽግሽግ ውጭ ለማድረግ እንደሚሞክሩ አሳይቷል። «ይህ አንቀጽ ከሕዝብ እንደራሴዎች ለምን ይደበቃል?» የሚል ጥያቄ መልስ ይሻል። «ቻይናዎች ተንኮለኞች ናቸው» የሚል ንግግር ግን መልስ አይሻም፤ የባንኩም ኃላፊ፣ የገንዘብ ሚኒስትሩም በሰላም ይተኛሉ።

የጥንቃቄ ቋንቋ ጠላቶች ግን በአንድ ወገን ብቻ አይደሉም። የቤጂንግ ቃል አቀባዮች በመንግሥታቸው ላይ የሚሰነዘርን ትችት በቻይና ሕዝብ ላይ እንደተሰነዘረ ስድብ አድርገው ማቅረብን ያውቁበታል፤ ያም ያንኑ የስም መደበላለቅ ከሌላው ጫፍ መጠቀም ነው። በሺንጂያንግ የታሠሩ ኡይጉሮች የቻይና ዜጎች ናቸው። በሚያዝያ 2020፣ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ በጓንጁ ከተማ አፍሪካውያን ከተከራዩበት ቤትና ከሆቴል ተባርረው ጎዳና ላይ ሲያድሩ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር ሙሳ ፋኪ የቻይናን አምባሳደር ጠርተው ቅሬታቸውን ነግረዋል። ያን መናገር ዘረኝነት አይደለም። «ቻይናውያን ጥቁር ይጠላሉ» ብሎ መደምደም ግን የከተማውን ባለሥልጣን፣ አከራዩንና በአደባባይ የተቃወመውን ቻይናዊ በአንድ ከረጢት መክተት ነው።

በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊም ከዚህ ልማድ ንጹሕ አይደለም። በ2021 ማብቂያ፣ ጦርነቱ በተፋፋመበትና ኢትዮጵያ ከጥር 2022 ጀምሮ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል እንድትወጣ በተወሰነበት ወቅት፣ በዋሽንግተንና በአውሮፓ ከተሞች «በቃ» የሚሉ ሰልፎች ተደርገዋል። በአጎዋ ላይ የቀረበው ክርክር ጠንካራ ነበር፦ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ሠራተኛ በጦርነቱ ውሳኔ ምን ድርሻ ነበራት? ይህ ጥያቄ በትክክል መንግሥትን ከሕዝብ የሚለይ ነው። በዚያው ሰልፍና በዚያው የቡድን መልእክት ውስጥ ግን «ምዕራባውያን ጠላቶቻችን ናቸው» የሚል ቃል ይነገር ነበር፤ ተናጋሪው የምዕራብ አገር ፓስፖርት የያዘ፣ ግብር የሚከፍል፣ የምዕራብ ልጆች የሚያሳድግ ነው። በሌላው ወገን የተሰለፈውም የአሜሪካን ፖሊሲ የተቸውን ሁሉ የሞስኮና የቤጂንግ ተላላኪ ይለው ነበር። ያን ሰሞን የተሰደበ ጎረቤት፣ የቀረ ማኅበር፣ የተቋረጠ ዕቁብ የትኛውንም መንግሥት አላስጨነቀም።

የጅምላው ስም መቼ ወደ ማን እንደሚዞር አስቀድሞ አይታወቅም። በጥር 2017 የአሜሪካ አየር ማረፊያዎች በር ላይ የሱዳንና የሶማሊያ ፓስፖርት የያዙ ሰዎች በግል ባደረጉት ሳይሆን በሰነዳቸው ላይ በተጻፈው የአገር ስም ቆሙ። በ2020 ኤርትራ በዝርዝሩ ተጨመረች። ኢትዮጵያ በሁለቱም ጊዜ አልነበረችም፤ ይህን እንደ ዋስትና የቆጠረ ግን ካርታውን አላየም።

ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ለዓለም ገበያ የሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ወለዱ 6.625 በመቶ ነበር። በታኅሣሥ 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር የወለድ ክፍያ ቀረና አገሪቱ ግዴታዋን ካልተወጡት ተርታ ገባች። ከመንግሥታት አበዳሪዎች ጋር የተደረገውን የዕዳ ሽግሽግ ድርድር የመራው ኮሚቴ ሁለት ተባባሪ ሊቀ መናብርት ነበሩት፦ ቻይናና ፈረንሳይ። በምሥራቅና በምዕራብ ፉክክር ትረካ ሁለቱ በአንድ ወንበር አይቀመጡም፤ እዚያ ግን አንድ ሰነድ እያገላበጡ፣ አንድ ስሌት እያመሳከሩ በመጋቢት 2025 በመርኅ ደረጃ ከኢትዮጵያ ጋር ተስማሙ። ከባዱ ሙግት የቀረው ከግል ቦንድ ገዢዎች ጋር ነበር። እነሱ ደግሞ አገር አይደሉም፤ የብዙ አገር ሰው የጡረታና የቁጠባ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ድርጅቶች ናቸው። ምናልባትም የዚህ ጽሑፍ አንዳንድ አንባቢ የጡረታ ቁጠባ ከዚያው ውስጥ ይኖራል።